በአንድ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ካርታዎች

ካርታ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ምድርን፥ ወንዝንና ተራራን የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ጓደኛሞች የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁላችን የምናውቀው ተራው የመጫወቻ ካርታ ሳይሆን በኤውሮፓ ታሮት እየተባለ የሚጠራው፥ ብዛቱ 78 የሆነው፥ በእያንዳንዱ ላይ የሰውና የልዩ ልዩ ነገር ሥዕል የተሳለበት ካርታ ነው።

አንባቢዎቻችን ይህን ስም ገና ሲያዩ «ይህማ የጠንቋይ ዕቃ ነው» ብለው ገጹን እንዳይገለብጡት እንለምናለን። የሃይማኖት አባቶቻችን ስለ ጥንቆላ የሚሉትን አንዘነጋም፤ እኛም ዕድላችንን ከካርታ ጠይቀን አናውቅም። የምንጽፈውም ካርታው ይናገራል ስለሚባለው ነገር አይደለም። አንድ የእጅ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ አታሚ፥ ከአታሚም ወደ ሌላ አታሚ ሲተላለፍ ምን እንደሚደርስበት፥ የሠሪውስ ስም በዚህ መካከል ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ ካርታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ያነሣሣው አንድ ወዳጃችን ነው። ከባሕር ማዶ ሲመለስ ሦስት ጥቅል ካርታ ይዞ መጣና በጠረጴዛችን ላይ ዘረጋቸው። «ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው እትማቸው ብቻ ነው» አለን። እኛም ከእያንዳንዱ ጥቅል «ሞኙ» የተባለውን ካርታ አወጣንና ጎን ለጎን አስቀመጥን። በሦስቱም ላይ አንድ ወጣት በገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቷል፤ በአንድ እጁ ነጭ ጽጌረዳ ይዟል፤ እግሩ ሥር አንዲት ነጭ ውሻ ትዘላለች። ሆኖም በአንደኛው ሰማዩ ደማቅ ቢጫ ነው፤ በሁለተኛው ቀለሙ ተለሳልሶ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ በሦስተኛው እንደ አሮጌ ወረቀት ደብዝዟል። የወጣቱም ፊት በአንዱ ደፋር፥ በሌላው የዋህ፥ በሌላው ደግሞ የደከመው ይመስላል። ከታች የተጻፈው ስም እንኳ በአንደኛው የማተሚያ ፊደል ሲሆን በሦስተኛው በእጅ የተጻፈ ነው። ወዳጃችንን «እንግዲህ እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅነው፤ እርሱም ሣቀና «እርሱን እናንተ ንገሩኝ» አለን። ሳንመልስለት ብዙ ሳምንት አለፈ።

ታሮት እንደ ብዙ ሰው አሳብ ከግብፅ ጠቢባን የተገኘ አይደለም። ይህን የግብፅ ተረት ያስፋፋው ፈረንሳዊው አንትዋን ኩር ደ ዤብለን ነው፤ በ1781 ባሳተመው መጽሐፉ ካርታው የጥንት ግብፃውያን ጥበብ ቅሪት ነው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው ስላልነበረ የሚቃወመው አላገኘም። እውነቱ ግን ካርታው በሰሜን ኢጣልያ በ15ኛው መቶ ዓመት የተጀመረ የመኳንንት ጨዋታ መሆኑ ነው፤ በ1440 በፍሎረንስ፥ በ1442 በፌራራ በጽሑፍ ተጠቅሶ ይገኛል። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሰዎች ተጫወቱበት እንጂ አልጠነቈሉበትም። ጥንቆላው የመጣው በኋላ፥ በ18ኛው መቶ ዓመት ነው።

ጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። 22ቱ ታላላቆች ይባላሉ፤ ሞኙ፥ ባሕታዊው፥ ፍትሕ፥ ሞት፥ ፀሐይና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። 56ቱ ታናናሾች ይባላሉ፤ እነርሱም በበትር፥ በጽዋ፥ በሰይፍና በወርቅ ገንዘብ በአራት ወገን ተከፍለው፥ እያንዳንዱ ወገን ከአንድ እስከ ዐሥር ቍጥርና አራት የቤተ መንግሥት ሰዎች አሉት። በጥንታውያኑ ካርታዎች በአብዛኞቹ ሥዕል የነበረው በታላላቆቹና በቤተ መንግሥቱ ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። የቀሩት አርባዎቹ እንደ መጫወቻ ካርታ ናቸው፤ ሰባት ጽዋ ከሆነ ሰባት ጽዋ ተደርድሮ ይታያል እንጂ ታሪክ የለውም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ ይታያልና።

አሁን ወደ ወዳጃችን ካርታ እንመለስ። በ1909 በታኅሣሥ ወር በሎንዶን ከተማ ዊሊያም ሪደርና ልጁ የተባለ ማተሚያ ቤት አንድ አዲስ ታሮት አወጣ። አሳቡን ያፈለቀው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው። እርሱ በ1857 በአሜሪካ በብሩክሊን የተወለደ፥ በእንግሊዝ አገር ያደገ፥ ስለ ምሥጢራዊ ትምህርት ብዙ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነበር። ሥዕሎቹን የሣለችው ግን ወይዘሪት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ሁለቱም ወርቃማ ንጋት በሚባለው ምሥጢራዊ ማኅበር ውስጥ ስለ ነበሩ በዚያ ተዋወቁ።

ስለ ወይዘሪት ስሚዝ ጥቂት መናገር ይገባናል፤ የታሪኩ ዋና እርስዋ ናትና። በ1878 በሎንዶን ከአሜሪካውያን ወላጆች ተወለደች። ልጅነትዋን በማንቸስተርና በጃማይካ አሳለፈች፤ አባትዋ በጃማይካ ሥራ ይዞ ነበርና። በብሩክሊን ፕራት በተባለው ትምህርት ቤት ሥዕል ተማረች፤ ግን ዲፕሎማ ሳትቀበል ወጣች። በ1899 ከጃማይካ የሰማቻቸውን የአናንሲን ተረቶች ሰብስባ በራስዋ ሥዕል አስጊጣ አሳተመች። አናንሲ ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ ንግድ ከተወሰዱት ሰዎች ጋር ባሕር የተሻገረ ብልሁ ሸረሪት ነው። እንዲህ ስለ ሆነ ከሥራዎችዋ መጀመሪያዎቹ አንዱ የአፍሪካ ተረት መሆኑን ስናውቅ ደስ አለን፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ከማወቃችን በፊት ለእርስዋ ያን ያህል አላሰብንላትም ነበር።

ወደ እንግሊዝ አገር ከተመለሰች በኋላ ከቴአትር ሰዎች ጋር ኖረች፤ ከታዋቂይቱ ተዋናይ ከኤለን ቴሪ ጋር ተወዳጀች፤ ከገጣሚው ከዊሊያም በትለር ዬትስም ጋር ሠራች። ከ1903 እስከ 1904 አረንጓዴው ነዶ የተባለ አነስተኛ መጽሔት በራስዋ እጅ ቀለም እየቀባች አወጣች። በ1907 በጥር ወር ደግሞ አልፍሬድ ስቲግሊትስ በኒው ዮርክ የፎቶግራፍ ሥራ ብቻ ያሳይበት በነበረው አዳራሹ ሥዕሎችዋን አሳየላት። በዚያ አዳራሽ ፎቶግራፍ አንሺ ሳይሆን ሥራው የታየለት የመጀመሪያው ሰው እርስዋ ናት።

ታሮቱን ከጨረሰች በኋላ በ1909 በኅዳር ወር ለዚሁ ለስቲግሊትስ በጻፈችው ደብዳቤ ትልቅ ሥራ በጥቂት ገንዘብ እንደ ሠራች፥ የሥዕሎቹም ብዛት 80 እንደ ነበር ነገረችው። ሥራው ከጥቂት ወራት የበለጠ ጊዜ አልወሰደባትም። ከሽያጩ ድርሻ አልተሰጣትም፤ የተከፈላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካርታው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሸጥ ኖሯል፤ ዛሬም ይሸጣል።

ዌይት ስለ ሥራው ያዘዛት ምን ያህል ነው? ይህን በተመለከተ ከእርሱ አፍ የወጣ ምስክር አለ። በ1938 ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክ ውስጥ በሦስት ካርታዎች፥ ማለት በካህኒቱ፥ በሞኙና በተሰቀለው ሰው ላይ ሕፃን እንደሚመገብ አሳቡን በማንኪያ እንዳጐረሳት ይናገራል። አባባሉ ንቀት አለበት። ነገር ግን ሳያስበው ለእርስዋ የመሰከረላት መሰለን፤ ስለ ሦስቱ ይህን ያህል ከደከመ ስለ ቀሩት ሰባ አምስት ዝም ማለቱ ብዙ ይናገራልና። ይልቁንም አርባዎቹ ታናናሽ ካርታዎች የእርስዋ ፈጠራ ለመሆናቸው ሥዕሎቹን ያየ ሰው አይጠራጠርም። ከላይ እንዳልነው በቀድሞዎቹ ካርታዎች እነዚህ አርባዎች ሥዕል አልነበራቸውም፤ እርስዋ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ትንሽ ታሪክ ሰጠችው። በአምስት ወርቅ ላይ ሁለት ድኆች አንደኛው በምርኩዝ እየተደገፈ በበረዶ ውስጥ ያልፋሉ፤ ከበላያቸው የቤተ ክርስቲያን መስኮት ያበራል፤ እነርሱ ግን ቀና ብለው አላዩትም። በስድስት ሰይፍ ላይ አንድ ሰው ሴትና ሕፃን ልጅ በታንኳ ያሻግራል፤ የሁሉም ጀርባ እንጂ ፊታቸው አይታይም። በስምንት ወርቅ ላይ አንድ ሠራተኛ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገንዘቡን አንድ በአንድ ይቀርጻል። ለዚህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለንም።

እርግጥ ፈጽማ ከምንም አልተነሣችም። በኢጣልያ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የተቀረጸ ሶላ ቡስካ የሚባል ጥንታዊ ታሮት አለ፤ እርሱ በሁሉም ካርታዎቹ ላይ ሥዕል አለው። በ1907 የዚህ ካርታ ፎቶግራፍ ለብሪትሽ ሙዚየም ተሰጠ። በዚያ ካርታ ሦስት ሰይፍ ላይ ልብ በሦስት ሰይፎች ተወግቶ ይታያል፤ በወይዘሪት ስሚዝም ሦስት ሰይፍ ላይ እንዲሁ ነው፤ እርስዋ ዝናምና ደመና ጨመረችበት። በሶላ ቡስካ ዐሥር ሰይፍ ላይ ጐንበስ ብሎ ሰይፎቹን የተሸከመው ሰው በእርስዋ ዐሥር በትር ላይ በትሮቹን ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሚመጣ መመሳሰል አይደለም። የሶላ ቡስካን ካርታ የኢጣልያ የባህል ሚኒስቴር በ2009 ገዝቶ በሚላኖ በብሬራ ሥዕል ቤት አኑሮታል፤ የወይዘሪት ስሚዝን የእጅ ሥዕሎች ግን የሚገዛ መንግሥት ቢኖርም የሚገኙ አይደሉም። ጠፍተዋል። የጥያቄያችን ሁሉ ሥር ይህ ነው። ዋናው በእጅ ቢኖር ቅጂዎቹን ከእርሱ ጋር አስተያይቶ መፍረድ ቀላል በሆነ ነበር፤ ዛሬ ያሉን ግን ኅትመቶች ብቻ ናቸው።

ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ኅትመት የድንጋይ ኅትመት ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ድንጋይ ይዘጋጃል፤ ጥቁሩ መስመር በአንዱ፥ ቢጫው በሌላው፥ ቀዩ በሌላው ይቀመጣል፤ ወረቀቱም በሁሉም ላይ ተራ በተራ ያልፋል። ሠዓሊው የሣለው መስመር ወደ ድንጋዩ ሲተላለፍ፥ ድንጋዩም ሲያረጅ እንደ ገና ወደ ሌላ ሲዛወር የሰው እጅ ይገባበታል። ያ እጅ የሠዓሊው እጅ አይደለም። የዓይን ሽፋን አንድ ፀጉር ታህል ብትወፍር ፊቱ ሌላ ፊት ይሆናል። የድሮ ጸሐፊዎቻችን አንድ ድርሳን ከአንድ ድርሳን ሲገለብጡ አንዲት ፊደል ስትዘለል ምን እንደሚደርስ የሚያውቁ መምህራን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

በዚህ ምክንያት ከ1909 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ድረስ በዚያው በሪደር ስም የወጡት ኅትመቶች እንኳ እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ በጀርባቸው ላይ የጽጌረዳና የአበባ ሥዕል ነበረባቸው፤ በኋላ የወጡት ክረምት ካለፈ በኋላ እንደሚሰነጣጠቅ ጭቃ ያለ ጌጥ አላቸው። ሰብሳቢዎች በመስመሮቹ ቅጥነትና ውፍረት እየለዩ በሠዓሊይቱ ስም «ፓም ኤ፥ ፓም ቢ፥ ፓም ሲ፥ ፓም ዲ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ዴንማርካዊው ፍራንክ ዬንሰን በ2006 ስለዚህ ነገር ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ስለ ካርታ መስመር መጽሐፍ መጻፍ ለሥራ ፈት የሚገባ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር።

በ1911 ዌይት ስለ ካርታው ያዘጋጀው መጽሐፍ ሥዕሎቹን በጥቁርና በነጭ ይዞ ወጣ። በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ሥዕሎቹ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ መሆናቸው ተጽፏል። በ1918 ደግሞ ደ ሎረንስ የተባለ የቺካጎ መጽሐፍ ነጋዴ የዌይትን መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ የራሱ ጽሑፍ አስመስሎ አሳተመው። ሠዓሊይቱን የዘነጋው ሰው ስም በተራው በሌላ ሰው ተዘነጋ።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ የማተሚያው ሰሌዳዎች በሎንዶን የአየር ድብደባ እንደ ጠፉ ይነገራል። ያም ሆነ ይህ ከጦርነቱ በኋላ ካርታው በእንግሊዝ አገር ብዙ ዘመን ሳይታተም ቀረ። ዌይት በ1942 ሞተ። ወይዘሪት ስሚዝ በ1911 ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገብታ ነበር፤ ከአጐትዋ በወረሰችው ገንዘብ በኮርንዋል የባሕር ዳርቻ ቤት ይዛ፥ በመጨረሻም ቢውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ኖረች። በ1951 በመስከረም ወር በ73 ዓመትዋ ስትሞት ዕዳ ነበረባት፤ ዕቃዋም ለዕዳዋ ተሸጠ። መቃብርዋ ምልክት የለውም።

ካርታው ግን በአሜሪካ እንደ ገና ተነሣ። በ1960ዎቹ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ቡክስ የተባለ የኒው ዮርክ አሳታሚ አወጣው። በ1968 ፍራንኪ አልባኖ የተባለ ሰው በሎስ አንጀለስ ሥዕሎቹን በጣም በደመቁ ቀለሞች አስቀብቶ አሳተመ። ያ ዘመን የአሜሪካ ወጣቶች የሚጮኽ ቀለም የሚወዱበት ዘመን ስለ ነበር የካርታውም ቀለም ይጮኻል። ሥዕሉን ወደ ዘመኑ አመጣው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በበረዶው ውስጥ የሚያልፉት ድኆች በዓል ልብስ የለበሱ ሲመስሉ ቅዝቃዜው ከየት ይምጣ?

ዛሬ በዓለም ሁሉ በብዛት የሚታወቀው እትም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስቱዋርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ፥ ዩ ኤስ ጌምስ ሲስተምስ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ሰው፥ የሪደርን ስም ከያዘው ከሃቺንሰን ማተሚያ ቤት ጋር ተስማምቶ በ1971 ካርታውን በቢጫ ሣጥን አወጣ። ከወዳጃችን ሦስት ጥቅሎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ካርታው ዛሬ በጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ ብቻ በቀረ ነበር፤ ውለታው ሊካድ አይገባም። ነገር ግን በዚህ እትም ላይ ሁለት ነገር ተደርጓል። ወይዘሪት ስሚዝ በገዛ እጅዋ የጻፈቻቸው የካርታዎቹ ስሞች ወጥተው በማተሚያ ፊደል ተተኩ። በካርታዎቹም ጠርዝ ላይ የድርጅቱ ስምና 1971 የሚል የባለ መብትነት ምልክት ገባ። በዚህ ዓይነት በ1909 የተሳለው ሥዕል የልደት ዘመኑ 1971 የሆነ መሰለ። የካርታው ስምም «ሪደር» ወይም «ሪደር ዌይት» ነበር፤ የአታሚውና የጸሐፊው ስም ሲነሣ የሠዓሊይቱ አይነሣም። እኛ ቢሮ ውስጥ ብዙ ደብዳቤ ስናዘጋጅ ኖረናል፤ ረቂቁን የጻፈው ሰው ስም በፊርማው ሥር እንደማይገኝ ከልምድ እናውቃለን፤ ስለዚህ ነገሩ አላስደነቀንም፤ ቢሆንም አሳዘነን።

የወዳጃችን ሁለተኛው ጥቅል በ1990 የወጣው ነው። ሜሪ ሃንሰን ሮበርትስ የተባለች ሠዓሊት የስሚዝን መስመሮች ጠብቃ ቀለሙን ብቻ እንደ አዲስ ቀባችው። በመጀመሪያው ኅትመት ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው፤ ቢጫው ሁሉ አንድ ቢጫ፥ ሰማያዊው ሁሉ አንድ ሰማያዊ ነው። እርስዋ ግን ጥላና ብርሃን ሰጠችው፤ ጉንጭ ቀላ፥ ልብስ ታጠፈ፥ ተራራ ራቀ። ቤተ ሰቦቻችን ሁሉ ይህን ወደዱት፤ እኛም መጀመሪያ ይህን ነበር የመረጥነው። በኋላ ግን ስንመላለስ አንድ ነገር አስተዋልን። ወይዘሪት ስሚዝ የቴአትር ሰው ነበረች። በብዙ ካርታዎችዋ ላይ ሰዎቹ የቆሙበት መሬት እንደ መድረክ ወለል ነው፤ ከኋላቸው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያልፍና ከመስመሩ ወዲያ ያለው ባሕር ወይም ተራራ እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ይታያል። ለምሳሌ በሁለት ወርቅ ላይ ሁለት ገንዘብ እያገላበጠ የሚጫወተው ወጣት ከመድረኩ ላይ ነው፤ ከኋላው በማዕበል የሚናጡት መርከቦች በመጋረጃው ላይ ናቸው። ጠፍጣፋው ቀለም ይህን ያጐላዋል። ጥላና ብርሃን ሲገባ ግን መጋረጃው እውነተኛ ባሕር ለመሆን ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ተዋናዩ ተዋናይ መሆኑ ይቀራል። ሥዕሉ አምሯል፤ ነገር ግን ሌላ ነገር ሆኗል።

ሦስተኛው ጥቅል የደበዘዘው ነው። በ2009 ካርታው መቶ ዓመት ሲሞላው ያው የካፕላን ድርጅት ከጥንታዊው ኅትመት ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዳለ አወጣው። የእጅ ጽሕፈቱ ተመልሷል፤ መስመሮቹ ቀጥነዋል፤ ፊቶቹ የቀድሞውን ፊት ይዘዋል። ቀለሙ ግን የመቶ ዓመት አቧራ የጠጣ ወረቀት ቀለም ነው። እዚህ ላይ ከወዳጃችን ጋር አልተስማማንም። እርሱ «እውነተኛው ይህ ነው፤ ዋናው ይህን ይመስላልና» ይላል። እኛ ደግሞ «ዋናው ዛሬ ይህን ይመስላል እንጂ በ1909 የገዛው ሰው ይህን አላየም፤ እርሱ ያየው አዲስና ብሩህ ካርታ ነው» እንላለን። እርጅናን ገልብጦ ማተም ለሠዓሊይቱ ታማኝ መሆን ነው ወይስ ለጊዜ? እንግዲህ ሦስቱም እትሞች አንድ አንድ ነገር ጠብቀው አንድ አንድ ነገር አጥፍተዋል። የ1971ዱ ብሩህነቱን ጠብቆ እጅዋን አጠፋ፤ የ1990ው መስመርዋን ጠብቆ መድረክዋን አጠፋ፤ የ2009ኙ እጅዋንና መስመርዋን መልሶ ብርሃንዋን ወሰደ።

በዚህ ክርክር ላይ ሳለን ለሦስቱም የጋራ የሆነ ነገር አገኘን። በካርታዎቹ ላይ፥ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ጥግ፥ እባብ የተጠመጠመበት በትር የሚመስል አንድ ትንሽ ምልክት አለ። አስተውሎ ያላየው ሰው ሣር ወይም ድንጋይ ይመስለዋል። እርሱ ግን የስሟ መጀመሪያ ሦስት ፊደላት እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው የተጻፉበት ነው። የካርታዎቹን ስም በማተሚያ ፊደል የተኩት ሰዎች ይህን ከሥዕሉ ውስጥ ማውጣት አልቻሉም። በቢጫው ሣጥን ካርታዎች ላይ ፊርማዋና የ1971 የባለ መብት ምልክት በአንድ ካርታ ላይ ይታያሉ፤ እኛም አጉሊ መስተዋት ይዘን አንድ ምሽት ሙሉ ስንፈልጋቸው አመሸን።

ካፕላን በ1978 ስለ ታሮት ታሪክ ሰፊ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ፤ በ2018 ደግሞ ከሦስት ሴቶች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የወይዘሪት ስሚዝን ሕይወትና ሥራ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የእጅ ጽሕፈትዋ በእትሙ የጠፋባት ሴት ታሪክዋ በዚያው ሰው ተጽፎ መታተሙ የሚያስገርም ነው። እርሱም በ2021 ሞተ። በእንግሊዝ አገር ሕግ የሠዓሊ መብት ሠዓሊው ከሞተበት ዓመት ጀምሮ 70 ዓመት ይቈያል፤ ወይዘሪት ስሚዝ በ1951 ስለ ሞተች መብቱ በ2021 መጨረሻ ላይ አበቃ። ከ2022 ጥር ጀምሮ በዚያ አገር ማንም ሰው ሥዕሎቹን እንደ ወደደ ሊያትም ይችላል። ስለዚህ የእትሞቹ ቍጥር ከእንግዲህ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ወዳጃችን ወደ መጣበት ሲመለስ ከሦስቱ አንዱን ጥቅል መርጠን እንድናስቀር ነገረን። በቤታችን ያሉት የ1990ውን አስቀሩ አሉን፤ አንድ የሥራ ባልደረባችን ቢጫው ሣጥን በዓለም የታወቀው እርሱ ነው አለን። እኛ የ2009ኙን ያዝን። ስለ ብርሃኑ የተናገርነውን አልተውንም፤ ነገር ግን በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም አየን። በቀድሞው አጠራር የስሚዝ ስም አልነበረም፤ በዚህኛው ግን «ስሚዝ ዌይት» ይላል፤ የእርስዋ ስም ቀድሟል።